በችፑድ ላይ የተሠራው ጎሬ

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳዲ የመምህር ዲበኩሉን በር ሳያንኳኳ ገፍቶ ገባ። ዳዲ አናጢ ነው። በሃያ ዓመት ጉርብትናው ደጅ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ገብቶ አያውቅም። ፈተና እያረመ የነበረው ዲበኩሉ ገና ፊቱን ሳያይ ከወንበሩ ተነሣ።

«ካሚልን ኬላው ላይ ይዘውታል» አለ ዳዲ።

«ለምን?»

«ከቡሬ ሲመለስ ፈተሹት። የሚኒባሱ ረዳት ነው የነገረኝ። ዕቃውን አይተው ሊለቁት ነበር አሉ። ኋላ ከሸሚዝ ኪሱ ወረቀት ወጣ። ያገኘው ፖሊስ ሁለት ጊዜ አነበበውና አለቃውን ጠራ።»

ዲበኩሉ ምን ወረቀት ብሎ አልጠየቀም። ወረቀቱን በዓይኑ አላየውም፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው ገባው። ተመልሶ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ቤት እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ጦርነት አለ። ከሳሎን ቀጥሎ ባለችው ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ ችፑድ በአራት እግር ቆሟል። በላዩ ከሰጋቱራና ከኮላ የተሠሩ ኮረብቶች፣ በሰማያዊ ቀለም የተሰመረ ወንዝ፣ በክብሪት እንጨት የተገጣጠመ ድልድይ አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ዳዲ ከዋንዛ የጠረባቸው መቶ አሥራ ሁለት ወታደሮች ይዘምታሉ፤ ትልቁ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ጨዋታውን በስልኩ አይቶ ያመጣው ካሚል ነው። የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ ይነግዳል፤ አባቱ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። ዳዲ ጠረበ፣ ዲበኩሉ ሕጉን አወጣ፣ ቀለሙን ደግሞ የዲበኩሉ ልጅ ትህትና ቀባች። ትህትና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አባቷን እሑድ በእሑድ ስታሸንፈው ኖራለች። እናቷ ሀረገወይን ጋምቤላ ነርስ ስለሆነች የምትመጣው በወር አንዴ ነው፤ በመጣች ቁጥርም ሽማግሌዎቹ ሕፃን ሆኑ እያለች ትስቅባቸዋለች።

ስሕተቱ የጂኦግራፊ መምህር ስሕተት ነው። ካሚል መጀመሪያ ላይ «የትም የሌለ አገር እንፍጠር» ብሎ ነበር። ዲበኩሉ ግን «ረግጬው በማላውቀው ዳገት ላይ ወታደር አላሰልፍም» ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ ትልቁ ኮረብታ ጎሬ ሆነ፣ ወንዙ ሶር፣ ጥግ ላይ ያለችው ቡሬ። ሁሉም በመምህሩ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ስሙ ተጽፎ ተለጠፈለት። ያን ጊዜ ኬላ ማለት የቡና ጆንያ የሚፈተሽበት ቦታ ነበር። አሁን ኬላ ላይ የሚፈተሸው ሰው ነው፤ የትኛው መንደር ምን እንደሆነ ሰው በሹክሹክታ እንኳ ማውራት ትቷል።

በዚህ ጨዋታ ደግሞ ማንም እንዳሻው አይንቀሳቀስም። እያንዳንዱ ወገን ቀጣዩን ትእዛዝ በወረቀት ጽፎ ያጥፋል፤ በሚመጣው እሑድ ሁለቱም እኩል ይከፈታሉ። ዲበኩሉና ዳዲ አንድ ወገን ናቸው፣ ትህትናና ካሚል ሌላው። የትህትና ትእዛዝ ቀድሞ እዚሁ ቤት፣ የፊዚክስ መጽሐፏ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚኮርጅ ተማሪ አንገቱን ይዞ ሲያስወጣ የኖረው መምህር ዲበኩሉ አንድ ረቡዕ መጽሐፉን ገልጦ ትእዛዙን አነበበው። እሑድ ጉዱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ሳምንቱን የሚያሳልፈው ካሚል ኪስ ውስጥ ነው።

ያኔ ሰርቆ ያነበበው ቃል በቃል ይታወሰዋል። «ገና ሳይነጋ ሠላሳ ሰው በሶር ድልድይ ይሻገር። ጎሬ ላይ ያለው ጥበቃ ከኋላ ይመታ። የቡሬው ኃይል እስኪታዘዝ አይንቀሳቀስ።» ልጅቱ አንዴ ከጻፈች እንደ ጄኔራል ነው የምትጽፈው። ካሚል ኪስ የተገኘውም ከዚህ የተሻለ ሊሆን አይችልም።

«ትህትና የት ናት?» አለ ዳዲ።

«ትምህርት ቤት። ማጥኛ ክፍል።»

«ጥሩ። ስማኝ፣ ዲቤ። እኔ ሳሊሐ ጋ ልሂድ፤ ባሏ መያዙን ከሌላ ሰው እንዳትሰማ። ከዚያ እመጣለሁ፣ አብረን ሄደን እንነግራቸዋለን። ካስፈለገም ችፑዱን ተሸክመን እንሄዳለን። እስከዚያ ማሎ፣ እባክህ፣ ምንም ነገር እንዳትነካ።»

«ኤዬ» ብሎ እሺ አለው ዲበኩሉ። ሲለው ከልቡ ነበር።

የዳዲ እግር ከግቢው እንደ ወጣ ግን ቤቱ ጭር አለ፤ ፍርሃትም ጭር ያለ ቤት ይወዳል። ዲበኩሉ ወደ ጨዋታው ክፍል ገባና ችፑዱን እንደ እንግዳ ሰው ሊያየው ሞከረ። ባያየው ይሻለው ነበር። ጎሬ፣ በዙሪያዋ የተሰለፉ ቀይ ቆብ የደፉ ሰዎች። ድልድዩ፣ በሁለቱም ጫፍ አድፍጠው የቆሙ። ቀስት፣ መስመር፣ ቁጥር። የሁሉም ስም ደግሞ በእሱ እጅ የተጻፈ። ይህን አንድ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው በሩን በርግዶ ቢያየው ምን ይላል? ጨዋታ ነው ይላል? ዲበኩሉ ራሱ ጨዋታ መሆኑ የጠፋበት መሰለው።

ከዚያ ትህትና ታየችው። የሚያውቃት ትህትና አይደለችም፤ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ «ይህን የጻፈው ማን ነው?» ሲሏት ቀና ብላ የምታያቸው ትህትና ናት። ልጅቱ መዋሸት አታውቅም። እኔ ነኝ ትላለች።  መጥረቢያውን ከማድቤት ጀርባ አመጣ።

ችፑዱን አራት ቦታ ሰነጠቀው። ጓሮ እሳት አቀጣጠለና መጀመሪያ የቦታ ስሞቹን፣ ቀጥሎ ሕጉ የተጻፈበትን ደብተር፣ ቀጥሎ ኮረብቶቹን ጨመረ። ወታደሮቹን በሳፋ ተሸክሞ አወጣቸው። ዳዲ ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ዝናቡ ሥራ ባስፈታው ቁጥር፣ አንድ በአንድ የጠረባቸው ናቸው። አንዱ አንካሳ ነበር፤ ዳዲን ቢላዋ አዳልጦት እግሩን የቆረጠው። ትህትና ደግሞ ሻምበል ብላ የሾመችው እሱን ነበር። ዲበኩሉ ሁሉንም እሳቱ ላይ ገለበጣቸው። ቀለሙ ሲነድ አረንጓዴ ጭስ ወጣው።

«መምህር፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ እትዬ ሲቲ በአጥሩ በኩል።

«ቆሻሻ ነው፣ እትዬ።»

ቆሻሻ ብሎ ሲጠራቸው ልቡን ወጋው፤ ቢሆንም እንጨት ጨመረ። ዲበኩሉ የጀመረውን በደንብ የሚጨርስ ሰው ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጣት የሚያክል ነገር እንኳ አልቀረም።

ትህትና ስትመጣ አመዱን ውኃ እያፈሰሰበት አገኘችው። ከእሱ ፊት አልፋ ወደ ጨዋታው ክፍል ሄደች፣ ባዶውን አይታ ተመለሰች።

«አባዬ፣ ምን አደረግህ?»

ነገራት። የካሚልን መያዝ፣ ወረቀቱን፣ ሁሉንም። ትጮሃለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን በጣም ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ታዲያ ጨዋታ መሆኑን አሁን በምን ያምኑናል?»

ዲበኩሉ ውኃ ማፍሰሱን አቆመ።  እስከዚህች ደቂቃ ድረስ ያቃጠለው የሚያስከስሳቸውን ነገር መስሎት ነበር።

«ፎቶ አለን?» አለ።

«ስልክ ይዞ መግባት የከለከልከው አንተ ነህ። አሰላለፍ ፎቶ አንሥተን እንዳናጠና።»

እውነቷን ነው። ሁሉም ሕግ የእሱ ነው። ትህትና ተንበርክካ እርጥቡን አመድ በእንጨት መጫር ጀመረች፤ አንድ እንኳ፣ ግማሽ ሰው እንኳ ብታገኝ ብላ። ከሰል ብቻ ነበር። ከሰል ደግሞ የማንም ማድቤት ከሰል ነው።

ያን ጊዜ መኪና በሩ ላይ ቆመ።

«ግቢ» አላት። «ጓዳ ግቢ። ምንም ቢጠይቁ አታውቂም። ምንም አታውቂም፣ ሰማሽ?» ክንዷን ይዞ ገፋት። ልጁን እንደዚያ አጥብቆ ይዞ አያውቅም።

የገቡት ሦስት ናቸው፤ አንድ መኮንን፣ አንድ ጠብመንጃ የያዘ፣ በመካከላቸው ካሚል። ካሚል አልተመታም። ሸሚዙ እንኳ ከሱሪው አልወጣም። ዲበኩሉን ሲያይ እፎይ አለ፤ ከትከሻው ላይ ሸክም የወረደለት ሰው ነው የመሰለው።

«ሰላም ነዎት፣ መምህር» አለ መኮንኑ። ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «ይህ ሰው እርስዎ ቤት የእንጨት ወታደሮች ያሉበት ጠረጴዛ አለ ይላል። እሑድ እሑድ እንጫወታለን፣ ወረቀቱም የዚያ ነው ይላል። የጻፈውን ሰው ስም ንገረን ብንለው እምቢ አለ፤ ሄዳችሁ ጠረጴዛውን እዩት፣ በአንድ ደቂቃ ይገባችኋል አለን። እስቲ ያሳዩኝ።»

አለ ቢል አመድ ሊያሳያቸው ነው። ለምን አቃጠሉት ሊሉት ነው። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የልጁ ትንፋሽ ይሰማዋል። ዲበኩሉ አስቦ አልመለሰም፤ ፍርሃቱ ነው ቀድሞት የመለሰው።

«የምን ጠረጴዛ?» አለ።

ካሚል ቀና አለ። «ጋሼ?»

«እኔ የማውቀው ጠረጴዛ የለም።»

«ጋሼ፣ ችፑዱን ነው እኮ። ጎሬን። ያሳዩዋቸው እንጂ።» ካሚል ሊስቅ ሞከረ፤ ከዚያ የዲበኩሉን እጅ አየ። እስከ ክርኑ ጥላሸት ነበር። ሳቁ ፊቱ ላይ ቆመና ጠፋ። ያን ፊት ዲበኩሉ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

መጋረጃው ተገለጠ።

«አለ» አለች ትህትና። «ነበር። አባቴ ፈርቶ አቃጠለው። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ውሸቷን ነው!» ዲበኩሉ መሃል ገባ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔን ውሰዱኝ።»

መኮንኑ ከሁለቱ አንዱንም አልተቆጣም። ከጠረጴዛው ላይ ከፈተናው ወረቀት ሁለት ባዶ አንሥቶ ሰጣቸው፤ «ሶር ድልድይ» ብላችሁ ጻፉ አላቸው። ዲበኩሉ የልጁን የእጅ ጽሑፍ አስመስሎ ሊጽፍ ቢሞክር ፊደሉ ሁሉ የራሱ ሆኖ ወጣ። እሷ እንደ ሁልጊዜዋ አጥርታ ጻፈች። መኮንኑ ከኪሱ ያወጣውን የታጠፈ ወረቀት ከጎኑ አስቀመጠና ፊደል በፊደል አስተያየው። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቶ አመዱን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

«መምህር» አለ ሲመለስ። «ይህን ሰው መንገድ ሙሉ ሳዋራው ነው የመጣሁት። አምኜው ነበር። ጠረጴዛውን አይቼ፣ አንድ ሁለት ወታደር ለአለቃዬ ማሳያ ይዤ ልመለስ ነበር። አሁን ምን ይዤ ልሂድ? አመድ?»

«ጎረቤቴ ዳዲ ይመሰክራል። የጠረባቸው እሱ ነው። አሁን ይመጣል።»

«ይምጣ፣ ቃሉን ይሰጣል። የወዳጅ ቃል ነው ግን። የተቃጠለ ነገር ሲኖር ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ነገሩ ከእኔ እጅ ወጥቷል። ልጅቱ ከእኛ ጋር ትሄዳለች።»

ዲበኩሉ እግሩ ላይ ወደቀ። መኮንኑ ፊቱን አዙሮ ያዘውና አነሣው። ትህትና ጫማዋን እያሰረች ነበር፤ ጣቶቿ ክሩን እየሳቱ ሦስት ጊዜ ጀመረችው። ጄኔራል ሆና የምትጽፈው ልጅ አሁን ሕፃን መሰለችው።

«አባዬ፣ ሹራቤን አምጣልኝ» አለች። «ይበርዳል።»

አመጣላት። እጁ ላይ የነበረው ጥላሸት ሹራቡን አቆሸሸው። ካሚል መኪናው ላይ ቦታ ለቀቀላትና አጠገቡ አስቀመጣት፤ ዲበኩሉን ግን አላየውም። ሞተሩ ተነሣ።

ዲበኩሉ የመኪናውን በር ይዞ አብሮ መራመድ ጀመረ። «አንድ ወታደር በሜዳ ስድስት ጣት ይሄዳል» አለ በመስኮቱ በኩል፣ መኮንኑን እያየ። «በዳገት ሦስት። ወንዝ የሚሻገረው በድልድይ ብቻ ነው። ይጻፉት እባክዎ፣ ልጄንም ይጠይቋት፣ ለብቻዋ፣ እኔ በሌለሁበት፤ ያንኑ ነው የምትነግርዎ። የምንጥለው የሉዶ ኩብ ስድስት ከመጣ ተጠቂው ይወድቃል፣ አንድ ከመጣ አጥቂው...»

«ነገ ይመጣሉ፣ መምህር፣ ነገ ይነግሩናል» አለ መኮንኑ። መስኮቱን ዘጋው።

መኪናው ፍጥነት ጨመረ። እትዬ ሲቲና ሌሎች ጎረቤቶች በየደጃቸው ወጥተው ያያሉ። ዲበኩሉ በጭቃው መንገድ እየሮጠ ሕጉን ይቀጥል ነበር፣ አንዱንም ሳያስቀር፣ ጮክ ብሎ። የተማረከ ወታደር አይገደልም የሚለው ጋ ሲደርስ መኪናው ከዓይኑ ተሰውሮ ነበር።