ከሁለት ቁጥር ቁልፍ ሥር

የባሌ ታናሽ ወንድም ላፕቶፑን ሲያውሰን ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ገና ሲከፈት የከረመ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታው። ልጄ ቴክኒክ ኮሌጅ ለመግባት ብቸኛ ቁጥሮችን፣ ማለትም ለአንድና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉትን፣ እስከ መቶ ድረስ ለቅሞ የሚያወጣ ፕሮግራም ጽፋ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መላክ አለባት። ሰዓቱ ካለፈ አለቀ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ሲጠፋ፣ ኢንተርኔት ሲቆረጥ፣ እሷ ስታለቅስ ይታየኛል።

«እማዬ፣ የሁለት ቁጥር ቁልፍ አይሠራም።»

«አላልኩም? ከአንድ ጀምሪዋ!»

«ቁጥር ሁሉ ለአንድ ይካፈላል። ከአንድ ማካፈል ከጀመርኩ ሁሉንም ይጥላቸዋል። ከሁለት ነው መነሳት ያለብኝ።»

ላፕቶፑን ገልብጬ አራገፍኩት። ፍርፋሪ ወረደ፤ ፀጉር ወረደ፤ ከዚያ ቢጫ፣ ቆልመም ያሉ ነገሮች ተከተሉ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ጥፍር ነው። በጥርስ የተቀረጠፈ የሰው ጥፍር!

በፀጉር መያዣዬ ጫፍ የሁለትን ቁልፍ ፈነቀልኩት። ሥሩ እንደ ሙጫ የደረቀ ቡናማ ነገር አለ፤ የዝንብ ክንፍ ተጣብቆበታል። እያቅለሸለሸኝ ስጎትተው ቁልፉ ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ።

«በቃ፣ ጉድ ሠራሁሽ» አልኳት።

አጎቷ ሶፋው ላይ ጣቱን አፉ ውስጥ እንደከተተ፣ «እትዬ ደግሞ! ትንሽ ቆሻሻ ሰው አይገድልም» አለኝ።

«ዝም በል አንተ! ላፕቶፕ ነው ሳህን ያዋስከን?»

ልጄ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቆየችና ሳቀች።

«አንድ ሲደመር አንድ ብዬ ብጽፍለትስ?»

ሁለት በሚገባበት ቦታ ሁሉ 1+1 ብላ ጻፈችና አስጀመረችው። 2፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ እስከ 97 ወረደ። ሁለት ከሁሉም በላይ ተቀምጧል፤ ጣት ሳይነካው፣ ንጹሕ ሆኖ።

ላከችው። «ደርሶናል» የሚል መልስ ሲመጣ እንኳ ልቤ አላመነም፤ ሦስቴ አስነበብኳት። ከዚያ እጄን በሳሙና ፈትጌ ታጠብኩ።

ስመለስ አጎቷ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥፍሩን ይቀረጥፋል። አንዷን ቁራጭ ትፍ አላት። የት እንዳረፈች ባላይ ይሻለኝ ነበር፤ ሁለት ከነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ገባች።

ተመልሼ እጄን ታጠብኩ።