ለስላሳ ወይስ ሻካራ

ሙሉዓለም ናይሮቢ፣ ሩንዳ ሰፈር ባለው ቤቱ አንድ የማይነቃነቅ ሕግ ነበረው፦ ከአባት ጋር አማርኛ ብቻ። ልጁ አቢግያ እዚያው ከተማ ተወልዳ ያደገች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ እንግሊዝኛ ጣል ካደረገች «አልሰማሁም» ይላትና ፊቱን ያዞራል። እሷም ብልጥ ናት። የማታውቀው ቃል ሲገጥማት አትጠይቅም፤ የምታውቀውን መልሳ ትገላገላለች።

ሙያው እባብ ነው። ጊጊሪ ሰፈር በሚገኘው መሥሪያ ቤቱ የትኛው እባብ ከየትኛው እንደሚዛመድ ሲለይ ይውላል። ልጁም ለእባብ ባላት ፍቅር ቁርጥ አባቷ ናት፤ መለየቱን ግን ገና አልተማረችም።

ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን፣ ጠዋት ስብሰባ ሊገባ ሲል ደወለችለት።

«አባዬ፣ አጥሩ ላይ አረንጓዴ እባብ አገኘሁ! ይዤዋለሁ፣ እጄ ላይ ነው!»

ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው «ጣይው!» ብሎ መጮህ ነበረበት። እሱ ግን ሰዓቱን አየ። በዚያ ሰፈር የሚታዩት ሁለት አረንጓዴ እባቦች የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ መልካቸው ያሳስታል። የቁጥቋጦ እባብ የሚባለው ሰው አይጎዳም፤ ቅርፊቱ ልሙጥ ነው። ቡምስላንግ የሚባለው ግን እያንዳንዱ ቅርፊት መሃል ለመሃል ሸንተረር አለው። መርዙ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ አይቸኩልም። የተነከሰው ሰው ደህና ነኝ እያለ ሲስቅ ሊውል ይችላል።

«ዳበስ አድርጊው። ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ?»

እንደታዘዘችው ዳበሰችው።

«ለስላሳ።»

«እንግዲያው አትፍሪ፣ ምንም አያደርግሽም» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

አመሻሹ ላይ ቤት ሲደርስ አቢግያ እባቡን በድሮው የዓሣ ገንዳ ውስጥ ከድና በረንዳ ላይ ትጠብቀው ነበር። ሙሉዓለም ጎንበስ አለ። የእባቡ ዓይን ከጭንቅላቱ ጋር ሲተያይ በጣም ትልቅ ነው። የማታዋ ፀሐይ ጀርባው ላይ ስታርፍ ሸንተረሮቹ ተራ በተራ ታዩት። ወደ ልጁ ዞረ።

«ነክሶሻል?»

«ጣቴን፣ ጠዋት። አንተ ምንም አያደርግሽም አልክ፤ ዝም አልኩ። አያምም እኮ!»

እጇን ይዞ ወደ መኪናው ሮጠ። እየሮጠ ሆስፒታል ደወለ፤ የዚህ እባብ መድኃኒት እነሱ ጋ የለም፣ ከደቡብ አፍሪካ ነው የሚመጣው አሉት። አቢግያ በድንጋጤው ሳቀች። ስትስቅ ድዷ ደም አዝሎ አየ።

«ለስላሳ ነው አላልሽኝም?» አለ የመኪናውን ቁልፍ እያወጣ።

«ሁለት ቃል ሰጠኸኝ፤ አንዱን ብቻ ነው የማውቀው። ሻካራ ምን ማለት ነው?»

ቁልፉ አልገባ አለው። ልጁ ከተወለደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ መለሰላት።

«ራፍ። ራፍ ማለት ነው፣ ልጄ።»

አቢግያ የተነከሰችውን ጣቷን አየች።

«እሱማ ራፍ ነበር እኮ፣ አባዬ።»