የበረኛው ካርድ

ባሌ ሙዘሚል ሲጫወቱ አይቷቸው የማያውቃቸውን ሰዎች ነበር የሚደግፈው። የእግር ኳስ ቡድናቸው የፈረሰው እኛ ከአገራችን ወጥተን ቴምቢሳ ሰፈር ከመግባታችን ከሃያ ዓመት በፊት ነው። የቀረው ነገር ቢኖር በዚያን ዘመን ከማስቲካ ጋር ይሸጡ የነበሩ የተጫዋቾቹ ካርዶች ናቸው። አሮጌ ካርድ ይዞ ለመጣ ሁሉ ሙዘሚል አንድ ዳቦ ይሰጣል። «ሱቅ ነው የከፈትነው ሙዚየም?» እለዋለሁ። ይስቃል።

አሥሩን አግኝቷል። ከባንኮኒው ጀርባ ግድግዳው ላይ፣ በላስቲክ ሸፍኖ እንደ አሰላለፋቸው ደርድሯቸዋል። የበረኛው ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

በረኛው ደግሞ ሩቅ አልነበሩም። ሰፈሩ «ምኩሉ» እያለ የሚጠራቸው፣ አያት ማለት ነው፣ በየማለዳው ዳቦ የሚገዙን ሽማግሌ ናቸው። ካርዱን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በሱቁ መስኮት የብረት ፍርግርግ በኩል ያሳዩትና መልሰው ይከታሉ።

«ማይ ፍሬንድ፣ የወጣትነት ፎቶዬ ይሄ ብቻ ነው፤ ሌላውን ቤታችን ሲቃጠል እሳት በልቶታል። ስሞት ትወስደዋለህ።»

«እርስዎ የት ይሞታሉ! ዕድሜ ልኬን ባዶ ጎል ሊያስጠብቁኝ ነው።»

ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔ ሁለት ሕፃናት እያልኩ ስኳሬን እመዝናለሁ።

ኮሮና በገባበት ዓመት፣ በጁላይ ብርድ፣ ሙዘሚል ታመመ። አምቡላንስ ወሰደው፤ እኔን ከሆስፒታሉ በር መለሱኝ። ሱቁን ብቻዬን ያዝኩ። ከደንበኛ እጅ የመጣውን ሳንቲምም ኖትም በረኪና ባለበት ባልዲ እነክራለሁ፣ ኖቱን ገመድ ላይ አሰጣለሁ። ጎረቤታችን ባለሱቁ ከቢር ነው ያስተማረኝ፤ እሱም እንደዚያው ያደርግ ነበር።

አንድ ማለዳ ምኩሉ ከዳቦው ሂሳብ ጋር ካርዱን አቀበሉኝ። «ሲሲ፣» እህቴ ማለታቸው ነው፣ «ይሄን ላኪለት። ሲያየው ይነሳል» አሉኝና ሄዱ።

አለቀስኩ። ከዚያ ፈራሁ። ስንት ሰው ነክቶታል? ለበሽተኛ የሚላክ ነገር ንጹሕ መሆን አለበት ብዬ ካርዱን ከሳንቲሙ ጋር ነከርኩት። ደንበኛ ጠራኝ፤ ዘይት ሰጠሁ፣ ሻማ ሰጠሁ። ስመለስ ፊቱ የለም። ማልያውም፣ ጓንቱም የሉም። እጄ ላይ የቀረው የራሰ ነጭ ወረቀት ነው። እጄ በተቆረጠ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሙዘሚል በማግስቱ ሞተ። ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ቀበሩት፤ ከትሮይቪል ሰፈር የመጡ ወንድሞቻችን እንኳ የሰገዱበት ከሩቅ ሆነው ነው።

በሳምንቱ የሱቁን መስኮት ከፈትኩ። መጀመሪያ የመጡት ምኩሉ ናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አየው?» አሉኝ።

የስኳር ሚዛኑን መጥረግ ጀመርኩ።

«ካላየው መልሺልኝ፣ ልጄ። እኔም ራሴን የማይበት ሌላ የለኝም።»

ካርዱ ጉልበቴ ሥር መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ደርቆ ተኮራምቷል። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«አብሮት ተቀብሯል» አልኩ።

በእኛ ሃይማኖት ከሟች ጋር ከከፈኑ በቀር ምንም አይቀበርም። ይህን ሙዘሚል ቢሰማ ይቆጣኝ ነበር። በሞተ ባሌ ዋሸሁ።

ምኩሉ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ትንፋሽ ወሰዱ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ግን ደስ ብሏቸዋል።

«ጥሩ» አሉ። «እንግዲህ በረኛ አለው።»

ዳቦ ገዝተው ሄዱ። አሁንም በየማለዳው ይመጣሉ። ሰላም ካሉኝ በኋላ ግድግዳው ላይ ያሉትን አሥሩን ያያሉ፣ ከዚያ ባዶውን ቦታ አይተው ፈገግ ይላሉ። እኔ ዳቦውን አጎንብሼ ነው የማቀብላቸው።