ዛጎል እርሻ ውስጥ የተገኘው ደመኛ

ፈንታሁን የወንድሙን ገዳይ ያገኘው ዛንዚባር ነው፤ ያውም የዛጎል እርሻ ሊጎበኝ ሄዶ። እግዜር ነው ያገናኛቸው የሚሉ አሉ። እግዜር በምን ዕዳው!

ፈንታሁን ደብረ ታቦር ላይ ሚኒባሶች አሉት። ጎማ የሚገዛበት አስመጪ ደንበኞቹን ባሕር ማዶ ሲያዝናና ዕጣው ደረሰውና ሚስቱን ትዝታን ይዞ ሄደ። እናቱ እማማ ጌጤ ሲሰናበታቸው እንኳ ያሉት ያንኑ የለመዱትን ነበር፤ "የወንድምህ ደም ሜዳ ላይ ፈሶ ቀርቶ አንተ ልትዝናና!" ትልቁ ልጃቸው ይሻው አንበሳሜ አጠገብ በእርሻ ድንበር ጠብ በጥይት ሲገደል፣ ፈንታሁን ገና ዳዴ ይል ነበር። ገዳዩ በዚያው ጠፋ። ደም ለማድረቅ መስቀል ይዘው የመጡትን ቀሳውስትና ሽማግሌዎች እማማ ጌጤ ከበር መለሷቸው። ታናሹን ልጅ ደግሞ "መልካሙ ሙላቴ" የሚለውን የገዳዩን ስም ከአቡነ ዘበሰማያት ጋር እያፈራረቁ አስጠኑት። ሕፃን ልጅ ላይ እንዲህ ይደረጋል? እሳቸው ግን አደረጉት።

እርሻው ባሕር ውስጥ ነው። ውኃው ሲሸሽ በተተከሉ እንጨቶች መካከል የተወጠሩ ገመዶች ብቅ ይላሉ፤ ዛጎሎቹ ገመዱ ላይ እንደ መዥገር ተጣብቀው ያድጋሉ። አስጎብኚው አንዱን በቢላ ፈልቅቆ፣ ሎሚ ጨምቆበት፣ እንዲቀምስ ሲዘረጋለት ፈንታሁን አማተበ።

"ቀንድ አውጣ ሊያበላኝ ነው እንዴ ይህ ሰውየ!"

"ኧረ ቀስ በል፣ ይሰማሃል" አለች ትዝታ እየሳቀች።

"በአማርኛ ምኑን ይሰማል!"

የሰማ ግን ነበር። ከገመዱ ሥር ጎንበስ ብሎ ዛጎል የሚፍቅ አንድ ሽበታም ሠራተኛ ቢላውን እንደያዘ ቀና አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

"ያገሬ ሰዎች! እንደምን ናችሁ ጌታየ? የደብረ ታቦር ሰዎች ናችሁ፣ አነጋገራችሁ ይናገራል።"

ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ፈንታሁን ከልቡ ደስ ብሎት፣ የአገራችን ሰው ሰላምታ እንደጨረሰ ሳይጠይቀው የማያልፈውን ጠየቀ።

"የማን ልጅ ነህ?"

ሠራተኛው ደሴቱ ላይ ሐምዛ ነበር የሚባለው። እውነተኛ ስሙን እዚያ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ያገሩን ቃል ሲሰማ ግን ሆዱ ባባና ምላሱ አመለጠው።

"መልካሙ ነኝ፣ የሙላቴ ልጅ። ከአንበሳሜ ወረድ ብሎ ነው አገሬ። አንተስ?"

"የይሻው ወንድም" አለና ፈንታሁን በቴስታ መታው።

የሰውየው አፍንጫ ሲሰበር ተሰማ። መልካሙ ተንገዳግዶ ገመዱ ላይ ተደገፈ፤ ቢላውን ሰነዘረና የፈንታሁንን ክንድ ከክርኑ እስከ እጁ ተረተረው። አስጎብኚው እየጮኸ ወደ ዳር ሮጠ። ፈንታሁን ቁስሉን ዞሮም አላየው። ቢላ የያዘውን እጅ ጨብጦ ስለታሙ ዛጎል ላይ ይፈትገው ጀመር፤ ቢላው ከወደቀ በኋላም ሥጋው ተቦጭቆ አጥንቱ እስኪታይ ፈተገው። ከዚያ ፀጉሩን ይዞ ፊቱን ከእንጨቱ ጋር አጋጨው። ደገመው፣ ሠለሰው። ደስ አለው። ምን ይደበቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

"ማረኝ" አለ መልካሙ ደም እየተፋ። "ልጅ ነበርኩ። ስለ እመቤታችን ብለህ ማረኝ!"

ባሕሩ እየተመለሰ፣ ውኃው ጉልበታቸው ደርሷል። ትዝታ ባሏን ከኋላ ብትጎትተው ደረቷን በክርኑ መትቶ ጣላት። ተነሥታ ስልኳን አወጣች። ይህን ሰው የሚመልሰው የእናቱ ቃል ብቻ እንደሆነ ታውቃለችና አማቷ ዘንድ በኢሞ ደወለች።

"እማማ፣ ይሻውን የገደለውን ሰው አገኘው፤ ሊገድለው ነው! እባክዎ ተው ይበሉት!"

እማማ ጌጤ ደብረ ታቦር፣ ደጃፋቸው ላይ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። ፈንታሁን የመልካሙን ፊት በፀጉሩ ቀና አድርጎ አሳያቸው።

"ራሱ ነው" አሉ። ትኩር ብለው አዩት። አፋቸውን ሲከፍቱ ምስሉ ደርቆ ቀረ፤ ኔትወርኩ ሄደ።

"ምን ላድርገው?" ብሎ ጮኸ ፈንታሁን። "ምን ላድርገው እማየ?"

መልሱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። መልካሙን ውኃው ውስጥ ደፈቀውና ማጅራቱን በጉልበቱ ተጫነው። የሰውየው እጆች ውኃውን መቱ፤ የፈንታሁንን ሱሪ ጨመደዱ፤ ቆይተው ለቀቁ። ትዝታ ጀርባውን በጡጫ ትደበድበዋለች፤ ከቁብ አልቆጠራትም።

"…ተወው ብየሃለሁ!" ድምፁ በድንገት ተመለሰ። "አትሰማኝም እንዴ? ሽበቱን አየሁት። ይሻውም ቢኖር ይህን ጊዜ እንዲህ ሸብቶ ነበር። ሽማግሌ በመለስኩበት አፌ ነው የምነግርህ፤ ተወው ልጀ፣ እኔ ምሬዋለሁ!"

ፈንታሁን ጉልበቱን አነሣ። መልካሙ ግን አልተነሣም። ውኃው ቀስ ብሎ ገለበጠው፤ ዓይኑ እንደተከፈተ ነው። ከዳር ሰዎች እየጮሁ ይመጣሉ። ትዝታ አማቷ እንዳያዩት ስልኩን ወደ ሰማይ አዞረችው።

"ተውከው?" አሉ እማማ ጌጤ። "ፈንታሁን? አለህ? ተውከው ወይ ልጀ?"

"ተውኩት እማየ" አለ።