ከባዱ ሞተር

«አውሮፕላኑን አንዴ ልየው?» ሲል ልጅቷ የያዘችው የሻይ ትሪ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው!

ወንድሟ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል። ልየው ያለው የወንድሟ የልብ ጓደኛ ነው፤ ሁሉን ነገር ሚዛን ላይ ስለሚያወጣ «ግራም» ነው የሚሉት። በሪሞት የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች አብረው ነበር የሚሠሩት።

«ምን ያደርግልሃል የኔ ልጅ?» አለች እናትየው።

«ለምን እንደወደቀ ልወቅ ብዬ ነው፣ እማማ።»

ወይኔ ጉዴ! ልጅቷ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። አውሮፕላኑ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወደቀ፣ ወንድሟ ሊያወርደው ወጣ፣ ቆርቆሮው ከዳው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ያውቃል። የሞተሩን ነገር ግን እሷ ብቻ ናት የምታውቀው።

አዲሷን ሞተር የገዛ ቀን ወንድሟ ሮጦ መጥቶ በአንድ እጇ አዲሷን፣ በሌላው አሮጌውን አስያዛት። «ያዢ! ይቺ ላባ ናት፣ ዋጋዋ ግን አናት ይበሳል። ያኛው ርካሽ ነው፣ ጉልበትም አለው፤ ግን ድንጋይ! አፍንጫው ላይ ከገባ አውሮፕላኑ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው።» ምሳ እየዘለለ ነው እኮ የገዛት! እሷ ደግሞ ለጓደኞቼ ላሳይ ብላ ከአውሮፕላኑ አውጥታ ከእጇ ጣለቻትና ዘንጓ ተጣመመ። በድንጋጤ አሮጌውን ገጠመችና ጭጭ። ወንድሟም አውሮፕላኑን ሲያነሳ ምንም አላለ።

አሁን ግራምን ወደ ወንድሟ ክፍል ተከትላው ገባች። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ፈታው።

«ሞተሩ ተቀይሯል። ማነው የቀየረው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት! ለእማዬ እንዳትነግራት፣ በሞቴ!»

ግራም አፍንጫውን መልሶ ገጠመና አውሮፕላኑን አቀበላት። ከዚያ፣ «ሁለት ጣቶችሽን ከክንፉ ስር አድርጊና አንሺው።»

አነሳችው። አፍንጫው ይደፋል ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሏል! ወዲህም ወዲያም አላለም።

«ቆይ፣ ማን አስተካከለው?» ጭራውን ከፈተ። ሁለት ብሎን ለሚዛን በፕላስተር ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ፕላስተሩ ላይ የወንድሟ ጽሑፍ፦ «ግራም፣ ሞተሩን አይቼዋለሁ። ትንሿን እንዳትጠይቃት፣ ትደነግጣለች።»

ልጅቷ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ታዲያ ለምን ወደቀ?»

ግራም በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ያለውን ሽቦ ሳብ አደረገው። ያለ ምንም ጉልበት ተከትሎት ወጣ።

«የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ሽቦ ነው። ከብየዳው ለቋል። የበየድኩት እኔ ነኝ። ይሄንን ፈርቼ ነው የመጣሁት።» መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ምን ሆኖ ነው የወደቀው ልጆች?» ስትል እናትየው ከሳሎን ተጣራች።

ልጅቷ አውሮፕላኑን በሁለት ጣቶቿ እንደያዘች ነው። ግራምን አየችው።

«ንፋስ ነው፣ እማዬ!» አለችና በሩን በእግሯ ቀስ አድርጋ ዘጋችለት።