የመዘምራኑ እንቁላል

«ዶሮዎችዎ በውሃቸው መድኃኒት ይጨመርላቸዋል ወይ ነው የሚሉት» አለ የሆስፒታሉ ድሬሰር ተረፋ፣ የዶክተሩን ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ ሲተረጉም።

ድርቤ የመጀመሪያውንም ሰምታዋለች። ያልሰማች መስላ የበሽተኛውን ብርድ ልብስ ጫፍ ፍራሹ ሥር ስታስገባ ነበር እንጂ። ፈረንጁ ዶክተር ከአልጋው ማዶ ቆሞ ዓይን ዓይኗን ያያታል። አልጋው ላይ ነመራ ተኝቷል፤ የነቀምት ሰው ሁሉ ድምፁን የሚያውቀው ዘማሪው ነመራ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ጉንጩ ሰርጉዶ። እናቱ በቀለች ከራስጌው ቁጭ ብላ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚህ ልጅ ሌላ እናቴ ብሎ የሚጠራት ሰው የላትም።

«የምን መድኃኒት?» አለች ድርቤ።

«ዱቄት ነው። ገበያ ላይ ይሸጣል፤ ቆርቆሮው ላይ የአውራ ዶሮ ሥዕል አለበት።»

ነገሩ የተጀመረው ከባለፈው በፊት በነበረው እሑድ ነው። እነ ድርቤ በሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ምእመኑ በዓይነት ያመጣው መባ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ በጨረታ ይሸጣል፤ ማሩ፣ ሙዙ፣ አንዳንዴም ጠቦቱ። የገዛው ሰው ደግሞ እኔም ሰጥቻለሁ ብሎ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይሸጣል። አንድ ቅርጫት ሙዝ ሦስት ሰው ገዝቶት ማንም ሳይቀምሰው የጠቆረበት ጊዜ አለ። የዚያን እሑድ የድርቤን እንቁላል የገዙት ኦቦ መርጋ ግን አልመለሱትም። ወደ መዘምራኑ ዞረው «ለእናንተ ነው። ቅዳሜ አርጆ ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ስትሄዱ ድምፃችሁ እንዲጠራ» አሉ። ጥሬ እንቁላል ጉሮሮ ያጠራል ብሎ የማያምን ዘማሪ የለም። እዚያው አግዳሚ ወንበሩ ጠርዝ ላይ እየሰበሩ፣ እየተሳሳቁ ጠጡት። ነመራ ብቻውን የሚዘምረው ክፍል ስላለው ሦስት ደረሰው።

ረቡዕ ላይ መዘምራኑ በሙሉ ሆዳቸውን ይዘው ተኙ። የአርጆው መንገድ ቀረ። ከተማው የሰው ዓይን በላቸው አለ፤ በዓይን አላምንም ሲል የኖረው ጭምር። ሌሎቹ ተቅማጡም ትኩሳቱም እየለቀቃቸው ተነሡ፤ ነመራን ግን ይዞት ቀረ። ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ካፕሱሉን በሰዓቱ ይውጣል፣ ትኩሳቱ ግን ንቅንቅ አይልም።

ዶክተሩ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ተረፋ እስኪጨርስ ጠብቆ ተረጎመው።

«ይኼ በሽታ ከዶሮ ነው የሚመጣው ይላሉ። ዶሮዋ ደህና መስላ በሆዷ ይዛው ትኖራለች፤ ከእሷ ወደ እንቁላሉ፣ ከእንቁላሉ ወደ ሰው። ዶሮዎቹ ያንን ዱቄት በየቀኑ ሲጠጡ ከኖሩ ደግሞ ጀርሙ ይለምደዋል። ዱቄቱና እኛ ለነመራ የምንሰጠው ካፕሱል አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው። የለመደውን ጀርም አይነካውም።»

«ታዲያ ሌላ መድኃኒት የለም?» አለች በቀለች ፈጥና።

«አለ። ያለው አዲስ አበባ ነው። ዛሬ ቴሌግራም ከተመታ የሐሙሱ አውሮፕላን ያመጣዋል። ግን ከባድ መድኃኒት ነው፣ ለደከመ ሰው ኩላሊት አይመችም። ካፕሱሉ ገና የሚሠራ ከሆነ ያንን በከንቱ አልሰጠውም ነው የሚሉት። ዶሮዎቹ ዱቄቱን ጠጥተው ከሆነ ግን አንድ ቀን አላባክንም ይላሉ። የሚጠይቁዎት ለዚህ ነው፣ አዴ ድርቤ።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

«ምንም አልሰጣቸውም» አለች ድርቤ። «በቆሎና የወጥ ቤት ትርፍራፊ ነው የሚበሉት። ጤነኞች ናቸው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ቤቴን እኔ አላውቅም እንዴ፣ ተረፋ?»

በቀለች ወደ ዶክተሩ ዞረች፤ አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ የሚሰማ ይመስል። «የድርቤ ዶሮዎች ከሰው ይልቅ ንጹሕ ናቸው። ጎረቤቷ ነኝ፣ አውቃለሁ። በእንቁላሉ አታሳብቡ።»

ዶክተሩ የተረፋን ትርጉም ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ካፕሱሉ እስከ ዓርብ ይቀጥል አለና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

ድርቤ ክፉ ሴት ናት ብዬ በተገላገልኩ። አይደለችም። በቀለች ባሏን የቀበረች ጊዜ ሐዘኑ እስኪያልፍ ከጎኗ ያልተለየች እሷ ናት። ነመራንም በሕፃንነቱ አዝላዋለች። ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ እሷም ደንግጣለች፤ ግን ወጣ። አንዴ የወጣን ውሸት መልሶ መሰብሰብ ምን ያህል ጣጣ እንዳለው የማያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ዱቄቱን የጀመረችው አምና ክረምት ነው። ከእርሻ መሥሪያ ቤት ሰዎች ያገኘቻቸው ነጫጭ የፈረንጅ ዶሮዎች ነጭ ነጭ እያስቀመጣቸው ማለቅ ጀመሩ። ገበያ ላይ አንድ ሰው ቆርቆሮውን ሸጠላት፣ በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው፣ የተረፉት ተነሡ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቋርጣል? ሳይታመሙም በየጠዋቱ ቆንጠር እያደረገች ትጨምርላቸዋለች። ስለ ዱቄቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትናገር ነበር። አፏን የያዛት ሌላ ነው።

እንቁላሏን የሚወስደው አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለው ሆቴል ነው። የሆቴሉ ወጥ ሠሪ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣች ታያለች፣ የተሰነጠቀውንና ኩስ የነካውን ትመልሳለች። እንግዲህ የተመለሰውን ምን ታድርገው? ገበያ ብታወጣው አይሸጥ፣ ለጎረቤት ብትሰጠው ትታማለች። ኩሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ ስንጥቁን ወደ ታች አድርጋ ቅርጫት ውስጥ ደረደረችና ለእግዚአብሔር ሰጠችው። መባ እያገላበጠ የሚያይ የለም። ደህና ደህናው ለሆቴል፣ ስንጥቅጥቁ ለቤተ ክርስቲያን፤ አሳፋሪ ነገር ነው፣ እሷም ታውቀዋለች። አሁን ዱቄቱን አዎ ካለች ሆስፒታሉ ሰው ይልካል፣ የተላከው ሰው ሆቴሉንም ይጠይቃል፣ ወጥ ሠሪዋ ደግሞ አፍ አላት። ባሏ ዋጋሪ በመጪው እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆኖ ሊመረጥ ነው።

ባኬ ጃማ ሠፈር ካለው ቤቷ ስትደርስ ዋጋሪን ምሳ በልቶ የተማሪዎቹን ደብተር ሲያርም አገኘችው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነው።

«ልጁ እንዴት ነው?»

«እንዳለ ነው።» ነጠላዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። «ዶክተሩ ስለ ዱቄቱ ጠየቀኝ። አልሰጣቸውም አልኩት።»

ዋጋሪ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለምን?»

«እንጃ። ከአፌ ወጣ።»

ስለ ስንጥቁ ለእሱም አልነገረችውም። ዋጋሪ ደብተሩን ገፋ አደረገ።

«አሁን ተመልሰሽ ብትሄጂ ምን ልትያቸው ነው? ዋሽቼ ነበር? ተረፋ እንደሆነ ለምእመኑ ሁሉ ነው የሚያዳርሰው።»

«ልጁ ቢሞትስ?»

«ካፕሱሉን እየወሰደ አይደለም እንዴ? ጓደኞቹ ሁሉ ድነዋል። ሐኪሙ ይወቅበት፤ እኛ ሐኪም ነን?»

«ሌላ መድኃኒት አለ ይላል። አውሮፕላኑ ሐሙስ ነው።»

«እሑድ ይለፍና እናየዋለን» አለ ዋጋሪ፤ ደብተሩንም ወደ ራሱ ጎተተ።

ድርቤን አናደዳት። እንዲያዛት ፈልጋ ነበር። «ተነሺ፣ ሂጂ፣ ንገሪያቸው» ቢላት ነጠላዋ እንኳ ገና ትከሻዋ ላይ ነው። እሷ ራሷን ማዘዝ አቃታት፣ እሱ ደግሞ እሑድን እንጂ ሐሙስን አላየም። ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ቆርቆሮውን ከተሰቀለበት አውርዳ ከቡና ገለፈቱ ክምር ሥር ቀበረችው። የዶሮዎቹን ውሃ ደፍታ ንጹሕ ቀዳችላቸው። ለነመራ ምንም የሚጠቅም አልነበረም፤ እጇ ግን ሥራ አገኘ፣ ልቧም ለጊዜው ዝም አለላት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በቀለች ከበር ተጣራች።

«ሃዳ ኩሜ፣ አለሽ?» የኩሜ እናት ማለቷ ነው፤ ከደጅ ስትጣራ በልጇ ስም ነው የምትጠራት።

«አለሁ፣ ግቢ። ምነው፣ ደህና?»

«ደህና ነው፣ አትደንግጪ። ዛሬ ከሰዓት ዓይኑን ገለጠ። ራበኝ አለኝ፣ ድርቤ! ስንት ቀኑ ነው ምግብ ካለ?» ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ለማየት የሚከብድ ነበር። «እንቁላል ስጪኝ። ጥሬውን በወተት መትቼ ላጠጣው። ድምፁ ጥፍት ብሏል፣ ጉሮሮውንም ያርስለታል።»

«እንቁላል የለኝም» አለች ድርቤ።

ወዲያው ከጓሮ አንዷ ዶሮ እንቁላል መጣሏን ለሠፈሩ ሁሉ አስታወቀች። ሁለቱም ሰሟት።

በቀለች ነጠላዋን አጣፋች። «ለሆቴል የለየሽውን አልነካብሽም። ሁለት ይበቃኛል። እኔ እንደ ሌላው ሰው በእንቁላሉ ነው አላልኩ፣ ዛሬ እንኳ ፊትሽ ነው የተናገርኩት። ተቀይመሽኝ ከሆነ ንገሪኝ።»

«ምን አደረግሽኝና እቀየምሻለሁ?»

«እንግዲያው ለነመራ ትነፍጊያለሽ? ለነመራ?»

ድርቤ ጎረቤቷን ክንዷን ያዘቻት። «በቀለች…»

«እ?»

«ዶክተሩ ጠዋት ያለው…»

«ምን አለ?» የበቀለች ፊት በአንድ ጊዜ አመድ ሆነ። «ለአንቺ ለብቻሽ የነገረሽ ነገር አለ? ልጄ አይተርፍም አለሽ?»

«ኧረ የለም! የለም። ጎበዝ ሐኪም ነው ልልሽ ነው።»

«አቤት፣ ነፍሴን አወጣሻት» አለች በቀለች፣ ደረቷን በመዳፏ ይዛ። «ጎበዝ ነው። እግዜር ይባርከው። እስከ ዓርብ ይሻለዋል ብሏል።»

ካፕሱሉ እስከ ዓርብ ይቀጥል ነበር ያለው። ድርቤ አላረመቻትም። ቴሌግራም ቤቱ ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው፤ ሆስፒታሉም ሩቅ አይደለም። ቁጭ በይ ብላት ወደ ጓሮ ሄደች፣ አሁን የተጣለውንና ሌሎችንም ጨምራ በሻሿ ይዛ ተመለሰች። አንድ በአንድ አጠበቻቸው። ከዚያ ድስት ላይ ውሃ ጥዳ እሳቱን ማቀጣጠል ጀመረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች በቀለች።

«ልቀቅልልሽ።»

«ኧረ ጥሬውን ነው የምፈልገው።»

«ቅቅሉ ይሻላል።»

ውሃው ፈላ፣ እንቁላሎቹ እየተጋጩ ድስቱን አንኳኩ። ድርቤ ከእሳቱ አጠገብ አልነቃነቅ አለች። በቀለች ልጄ ብቻውን ነው እያለች ደጅ ደጁን ታያለች።

«በቃ አውጪው፣ ድንጋይ ሊሆን ነው።»

«ይቆይ።»

«እንዲህ ደርቆ እንዴት ይውጠዋል? ለጉሮሮ የሚሆነው ጥሬው ነው፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ለምንድን ነው የምትቀቅዪው?»

ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር፤ የጠየቀችውም ከማንም በላይ መልሱን መስማት የሚገባት ሴት ናት። ድርቤ ውሃውን አጠንፍፋ እንቁላሎቹን አወጣች። እያገላበጠች አየቻቸው፤ ሁሉም ደህና ነበሩ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለቻቸውና ለበቀለች ሰጠቻት።

«እንዳይሰበርብሽ ብዬ ነው» አለቻት። «መንገዱ ጭቃ ነው።»

በቀለች አመነቻት። «ገላቶሚ፣ እህቴ» ብላ አመስግና ጉንጯን ሳመቻትና ትኩሱን ጥቅል በነጠላዋ ሥር ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ወጣች።