ልብ ሲከፈት

ያን ቀን የሳይንስ ክፍሉ የቧንቧ ሠራተኛ መጋዘን መስሎ ነበር። የፕላስቲክ ጠርሙሱ፣ ቀጭን ጎማው፣ ፊኛው ጠረጴዛውን ሞልቶታል። መምህሯ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ዛሬ ደብተር የሚያወጣ ወዮለት፣ ልብ እንሠራለን ስትል ልጆቹ በደስታ ወንበር ላይ ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም።

አንዷ ብቻ አልሳቀችም። ሳትጠይቅ ስለማትውል ጓደኞቿ «ጥያቄ» የሚሏት ልጅ ናት፤ ሰሞኑን ግን አፏን ዘግታለች። አናጺው አባቷ ነገ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ ልቡ ይከፈታል ሲሉ ሰምታለች። አባቷ ደግሞ ሥራ ላይ ሆኖ እንኳ እንደማይረሳት ሲነግራት «ልቤ ውስጥ ነሽ» ነው የሚላት። እንግዲህ ሐኪሞቹ የተበላሸውን የልቡን ክዳን ሲያወጡ እሷም አብራ ብትወጣስ? ሲነቃ «የማን ልጅ ነሽ?» ቢላትስ? ይሄ ደግሞ ለማን ይነገራል!

ሥራው ግን አላስቀመጣትም። ከፊኛ የቆረጡትን ክዳን ጠርሙሱ አፍ ላይ ወጠሩ፣ ጎማውን በጎኑ አስገቡ፣ ቀይ ውሃ ሞልተው ጨመቁ። ውሃው በጎማው ይወጣል ሲባል በአፉ ተመልሶ የመምህሯን ነጭ ጋዋን አቀላው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

መምህሯ ቅር ሳይላት፣ ቫልቭ የሚባለው የልብ ክዳን ሲላላ ደምም እንዲህ ወደ ኋላ እንደሚመለስ አስረዳች። ማን ይቀይረዋል ስትል «ጥያቄ» ሳታስበው እጇን አወጣች። የላላውን ክዳን አንስታ የጠርሙሱን ውስጥ በጣቷ ዳበሰች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። ከውሃ በቀር ምንም የለም። አዲሱን ክዳን ገጥማ ስትጨምቅ ውሃው በጎማው ሽቅብ ተተኮሰ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ።

«ቲቸር፣ ልብ ውስጥ ሰው የለም እንዴ?»

«ደም ብቻ ነው የኔ ልጅ። ሰውን የምናስታውሰው በዚህ ነው» አለቻት፣ ግንባሯን ነካ አድርጋ።

ደወሉ ሲደወል «ጥያቄ» እየበረረች ቤት ገባች። አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለሆስፒታል የሚይዘውን ልብስ ያጣጥፋል። ስለ ክዳኑ፣ ስለ ቀዩ ውሃ፣ ስለ ጋዋኑ ትንፋሽ ሳትወስድ ዘከዘከችለት። እኔ ያለሁት ጭንቅላትህ ውስጥ ነው፣ እሱን ደግሞ ነገ ማንም አይነካውም፣ ስለዚህ አትረሳኝም አለችው።

ሰውዬው የያዘውን ሸሚዝ አስቀመጠ። በሩ መዘጋቱን አየና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አላት። «እኔም ይሄንኑ ነበር የፈራሁት።»